የአርያም ዜማ ከየት ተነሣ? እንዴትስ ከእኛ ዘመን ደረሰ?



በጁባ ከተማ፣ በቡሉክ ሰፈርም ሆነ ከዚያ ራቅ ባሉ መንደሮች፣ በሰንበት ቀን መዝሙር ይሰማል። ጎረቤቶቻችን በጁባ አረብኛ፣ በባሪ፣ በዲንካና በሌሎችም ቋንቋዎቻቸው ይዘምራሉ። ከእኛም መካከል ክርስቲያን የሆነው በግዕዝና በአማርኛ ይዘምራል። ነገር ግን «ይህን ዜማ ማን ደረሰው? መጀመሪያ የተሰማው የት ነው? በስንት ሰው አፍ አልፎ እኔ ጋ ደረሰ?» ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። በዚህ እትም እነዚህን ጥያቄዎች በአንድ የታወቀ ዜማ ላይ እናነሣለን። ዜማው «አርያም» ይባላል።

ጽሑፉ የተዘጋጀው ለሁላችሁም ነው። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ተከታይ የሆነ ተማሪ የቤቱን ታሪክ ያገኝበታል። ሌላ እምነት ያለው ተማሪም የአገሩ ታሪክ ነውና ቢያውቀው ይጠቅመዋል። በተለይ አንድ ቁም ነገር ልብ ብላችሁ ተከታተሉ፤ ዜማው መጀመሪያ የተሰማበት ቤት ፈርሷል፣ ዜማው ግን አልጠፋም። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ?

አርያም ምንድን ነው?

«አርያም» የግዕዝ ቃል ሲሆን ከፍታ፣ ከሁሉ በላይ ያለ ሰማይ ማለት ነው። ዜማው ለአብ፣ ለወልድና ለመንፈስ ቅዱስ ሃሌ ሉያ በማለት ይጀምርና ስለ ጽዮን፣ ስለ ሰማይ መመሥረት፣ እንዲሁም ሙሴ የድንኳኑን አሠራር እንዴት እንደ ተማረ ይናገራል። የቤተ ክርስቲያን ትውፊት እንደሚያስረዳው ይህ ዜማ ቅዱስ ያሬድ በአክሱም ጽዮን ቤተ ክርስቲያን መጀመሪያ ያሰማው ነው። ስለዚህ አርያም የኢትዮጵያ የቤተ ክርስቲያን ዜማ መነሻ ሆኖ ይቆጠራል።

ደራሲው ማን ነበር?

ያሬድ የ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሰው ነው። በትውፊት እንደሚነገረው የተወለደው በ505 ዓ.ም. በአክሱም ነው። በልጅነቱ አባቱ ስለ ሞተበት እናቱ ለትምህርት ለአጎቱ ለጌዴዎን ሰጠችው። ጌዴዎን በአክሱም ጽዮን መምህር ነበር።

ቀጥሎ ያለውን ታሪክ ብዙዎቻችሁ ከቤት ሰምታችሁታል። ያሬድ ትምህርት አልገባው አለ። መምህሩ ቢቆጣውና ቢገርፈውም አልሆነም። በመጨረሻ ተስፋ ቆርጦ ሸሸ። ማይ ኪራሕ በተባለ ስፍራ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ሳለ አንዲት ትል ፍሬ ለመብላት ዛፉን ስትወጣ አየ። ትሏ ስድስት ጊዜ ወድቃ በሰባተኛው ከላይ ደረሰች። ያሬድም ከትሏ ተምሮ ወደ አጎቱ ተመለሰ።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ ብዙ ጊዜ የማይነገር አንድ ነገር አለ። ያሬድ ከትምህርት ቤት ሸሽቶ የወጣ ልጅ ነበር። ሲመለስም መምህሩ ተቀበለው። «ጊዜው አልፎብሃል፣ እኩዮችህ ጥለውህ ሄደዋል» ብሎ አላባረረውም። በስደት ምክንያት ትምህርታችሁ ተቋርጦ ዛሬ በዕድሜ ከሚያንሷችሁ ልጆች ጋር አንድ ክፍል የተቀመጣችሁ ተማሪዎች ይህን አስቡ። ወላጆችም አስቡበት፤ ትሏ ለያሬድ ትዕግሥትን አስተማረች፣ የተመለሰውን ልጅ የተቀበለው ግን ሰው ነው።

በአክሱም የተሰማው የመጀመሪያ ዜማ

በየዓመቱ ግንቦት 11 ቀን የሚነበበው የስንክሳር ታሪክ እንዲህ ይላል። ሦስት ወፎች ወደ ያሬድ መጥተው በሰው ቋንቋ አነጋገሩት። ወደ ሰማያዊት ኢየሩሳሌምም አሳርገውት የሃያ አራቱን ካህናተ ሰማይ ዜማ ሰማ። ሲመለስ በሦስት ሰዓት ወደ አክሱም ጽዮን ገባና ድምፁን ከፍ አድርጎ አርያምን አዜመ። ንጉሡ ዐፄ ገብረ መስቀል፣ ንግሥቲቱ፣ ጳጳሱ፣ ካህናቱና ሕዝቡ ድምፁን ሰምተው እየሮጡ መጡ። ቀኑንም ሙሉ ሲሰሙት ዋሉ።

ገብረ መስቀል በደቡብ ዓረቢያ ዘመቻው የሚታወቀው የዐፄ ካሌብ ልጅ ነው። የአክሱም መንግሥት በዚያ ዘመን በቀይ ባሕር ንግድ የታወቀ፣ የራሱን ገንዘብ የሚያትም ትልቅ መንግሥት ነበር። አርያም የተሰማበት ከተማ እንግዲህ ሐውልቶቿን ዛሬም የምናያት አክሱም ናት።

ከቤተ መንግሥት ወደ ተራራ

ስለ ያሬድና ስለ ንጉሡ የሚነገረው ሌላው ታሪክ በብዙ አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ በሥዕል ይታያል። ያሬድ ከንጉሡ ፊት ቆሞ ሲያዜም ንጉሡ በዜማው ተመስጦ የያዘውን ዘንግ በያሬድ እግር ላይ ተከለው። ደም ፈሰሰ። አዜሚውም ሰሚውም ዜማው እስኪያልቅ ድረስ አላወቁም። በኋላ ንጉሡ እጅግ ደንግጦ «ስለ ፈሰሰው ደምህ የምትሻውን ለምነኝ» አለው። ያሬድ ግን ወርቅም ሹመትም አልጠየቀም። «መንኩሼ እንድሄድ አሰናብተኝ» አለ። ንጉሡ ቢያዝንም ምሏልና ለቀቀው።

ያሬድ ጽዮንን ተሰናብቶ ወደ ስሜን ተራሮች ሄደ። ቀሪ ዘመኑንም በዚያ በጾምና በጸሎት፣ ትውፊቱ እንደሚለውም ደቀ መዛሙርት በማስተማር አሳለፈ። እነዚህ ተራሮች ዛሬ በአማራ ክልል በሰሜን ጎንደር የሚገኙት፣ ራስ ዳሸን ያለባቸው ተራሮች ናቸው። ዜማው በዚህ ሁኔታ ከከተማ ወጥቶ ወደ ገጠር፣ ከንጉሥ አደባባይ ወደ ተማሪ ጎጆ ተሸጋገረ። ይህ መሸጋገር ኋላ ምን እንደ ጠቀመ እናያለን።

አምስት መጻሕፍት፣ ሦስት ዜማዎች

በያሬድ ስም የሚጠሩት የዜማ መጻሕፍት አምስት ናቸው።

1ኛ/ ድጓ፦ የዓመቱን በዓላትና ወቅቶች ሁሉ የሚከተል ትልቁ መጽሐፍ ነው።
2ኛ/ ጾመ ድጓ፦ በዐቢይ ጾም የሚዜም ነው።
3ኛ/ ምዕራፍ፦ የየዕለቱንና የየሳምንቱን አገልግሎት የሚመራ ነው።
4ኛ/ ዝማሬ፦ በቅዳሴ ጊዜ ከቍርባን በኋላ የሚዜም ነው።
5ኛ/ መዋሥዕት፦ ለሙታን መታሰቢያ የሚዜም ነው።

ዜማው ደግሞ በሦስት ዐይነት ይከፈላል፤ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ ይባላሉ። ግዕዝ ጠንከር ያለ ነው። ዕዝል ረጋ ያለና ለስለስ ያለ ነው። አራራይ ቀጠን ብሎ ከፍ የሚልና ልብ የሚያራራ ነው። ሊቃውንቱ ሦስቱን ዜማዎች በሦስቱ ሥላሴ ይመስሏቸዋል።

በበዓል ቀን ካህናትና ደባትር በቅኔ ማኅሌት በግራና በቀኝ ተሰልፈው፣ መቋሚያና ጸናጽል ይዘው፣ በከበሮ ሲያሸበሽቡ ያያችሁት ይህንኑ ዜማ ነው። የጥምቀት በዓል በ2019 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ገብቷል። በበዓሉ ላይ ታቦታት ሲወጡና ሲመለሱ የሚሰማው ዜማ የያሬድ ዜማ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የሙዚቃ ትምህርት ቤትም በያሬድ ስም ይጠራል።

ቤቱ ፈረሰ

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄያችን እንመለስ። ዛሬ ወደ አክሱም የሄደ ሰው ያሬድ አርያምን ያዜመበትን ሕንፃ ማየት አይችልም። በ1520ዎቹ እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያን የጎበኘው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የአክሱም ጽዮንን ታላቅ ቤተ ክርስቲያን ከነግርማው አይቶ ጽፏል። ብዙም ሳይቆይ፣ ከ1529 እስከ 1543 እ.ኤ.አ. በዐፄ ልብነ ድንግልና በልጃቸው በዐፄ ገላውዴዎስ ወገን፣ በሌላው በኩል ደግሞ በኢማም አሕመድ ኢብራሂም ወገን መካከል ከባድ ጦርነት ተደረገ። በጦርነቱ ከሁለቱም ወገን እጅግ ብዙ ሰው አለቀ፣ ብዙ ሰው ተሰደደ። አብያተ ክርስቲያናትና የብራና መጻሕፍትም ተቃጠሉ። የአክሱም ጽዮን ቤተ ክርስቲያን በ1535 እ.ኤ.አ. ጠፋ።

ዛሬ በቦታው የሚታየው አሮጌው ቤተ ክርስቲያን በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዐፄ ፋሲለደስ የተሠራ ነው። ከአጠገቡ ያለው ትልቁ ሕንፃ ደግሞ በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የተሠራ ነው። ሕንፃው እንደገና ተሠርቷል። ዜማው ግን መጽሐፉ ከተቃጠለ በኋላ ከየት ተገኘ?

መልሱ «ከሰው ልብ» የሚል ነው። በአንድ ቦታ ያለ መጽሐፍ ቢቃጠል በሌላ ቦታ ያለ መምህር ድጓን በቃሉ ያውቀዋል። ዜማው ከአክሱም ወጥቶ በስሜን፣ በጋይንትና በሌሎችም ቦታዎች ተተክሎ ነበርና የአንዱ ቦታ ጥፋት የሁሉ ጥፋት አልሆነም። ሊቃውንቱ እንደሚናገሩት ከጦርነቱ በኋላ ድጓ ሳይጎድል የተገኘው በጋይንት ቤተ ልሔም ነው። በዚህ ምክንያት ቤተ ልሔም ዛሬም የድጓ ምስክር ቦታ ናት። ድጓ የሚማር ሰው ከየትም ይነሣ ከየት፣ በመጨረሻ የሚመሰከርለት በቤተ ልሔም ነው። ዝማሬና መዋሥዕት ደግሞ ምስክራቸው በዚያው አካባቢ ባለችው በዙር አምባ ነው።

ምልክት፦ ዜማ በፊደል

ሊቃውንቱ ግን «በልብ ያለው ይበቃል» ብለው አልተቀመጡም። ጦርነቱ ምን ያህል ሊያጠፋ እንደሚችል አይተዋል። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን (1540–1559 እ.ኤ.አ.) አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የተባሉ ሁለት ሊቃውንት የዜማ ምልክት እንዳዘጋጁ ይነገራል። በብራና የድጓ መጽሐፍ ላይ ከቃላቱ በላይ በጥቃቅን ፊደልና ጭረት የሚጻፈው ይህ ምልክት ነው።

አሠራሩን በቀላሉ ለመረዳት ይህን ሞክሩ። አንድ ሰው በሰሌዳ ላይ «ሀ፣ ሁ» ብሎ ቢጽፍና ቢያቆም እናንተ ያለ ችግር እስከ «ሆ» ትቀጥላላችሁ። ለምን? አስቀድማችሁ በቃላችሁ ስላጠናችሁት ነው። ፊደል ያልተማረ ሰው ግን ሁለቱን ፊደላት አይቶ ምንም ሊጨምር አይችልም። የድጓ ምልክትም ብዙውን ጊዜ እንዲሁ ነው። ከቃሉ በላይ የተጻፈችው አንዲት ወይም ሁለት ፊደል፣ ተማሪው አስቀድሞ በቃሉ ያጠናውን አንድ የታወቀ ዜማ ታስታውሰዋለች። ተማሪውም ያንን ዜማ በዚህኛው ቃል ላይ ያውለዋል።

ከፊደሉ ሌላ ድፋት፣ ሂደት፣ ቅናት፣ ይዘት፣ ቍርጥ፣ ጭረት፣ ርክርክና ደረት የሚባሉ ስምንት ምልክቶች አሉ። ድምፅ የት ዝቅ እንደሚል፣ የት እንደሚያዝ፣ የት እንደሚቆረጥ፣ የት እንደሚርገበገብ ያሳያሉ።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ ምልክቱ ያለ መምህር አይሠራም። መምህሩም ቢያረጅ ምልክቱ ያስታውሰዋል። ጽሕፈትና ቃል አንዱ ሌላውን ደግፎ ዜማውን አቆሙት። በጽሑፍ ብቻ ቢሆን ኖሮ ከብራናው ጋር ይቃጠል ነበር። በቃል ብቻ ቢሆን ደግሞ ቀስ በቀስ ሊዘነጋ ይችል ነበር።

የዜማ ተማሪ ኑሮ

ዜማውን ከትውልድ ወደ ትውልድ ያሸጋገሩት ሀብታሞች አይደሉም። የቆሎ ተማሪዎች ናቸው። የቆሎ ተማሪ ከወላጆቹ ቤት ርቆ ወደማያውቀው አገር ይሄዳል። ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ በየደጁ ቁራሽ ይለምናል። ትንሽ ጎጆ ሠርቶ ከጓደኞቹ ጋር ያድራል። ቀን መጽሐፍ እያየ ይማራል። የቃል ትምህርቱን ደግሞ ሌሊት መብራት በሌለበት ከመምህሩ አፍ እየተቀበለ ያጠናል። ድጓን ለመጨረስ ብዙ ዓመታት ይፈጃል። በልማዱም ተማሪው የራሱን ድጓ በእጁ ይጽፋል።

ከአገር ርቆ መማር፣ በሰው አገር እንግዳ መሆን፣ መብራት ሳይኖር ማጥናት፣ ደብተር ሲጠፋ በቃል መያዝ ለእናንተ አዲስ ነገር አይደለም። ልዩነቱ እነርሱ ወደው መሄዳቸው፣ እናንተ ግን ተገዳችሁ መምጣታችሁ ነው። ይህን ልዩነት አናቃልለውም። ነገር ግን በእንዲህ ያለ ኑሮ ውስጥ ትልቅ ትምህርት ሊጨረስ እንደሚችል እነርሱ አሳይተዋል።

በሌላ በኩልም ተመልከቱት። ሙስሊም ተማሪዎች ቁርኣንን በሙሉ በቃሉ የያዘ ሰው ሐፊዝ እንደሚባል ታውቃላችሁ። በወሎም መንዙማ ከሼህ ወደ ደረሳ በቃል ሲተላለፍ ኖሯል። በአገራችን በቃል መያዝ የሁላችንም ሀብት ነው።

ትውፊትና ጥናት

ከፍ ባሉ ክፍሎች ላላችሁ ተማሪዎች አንድ ነገር እንጨምር። ስለ ያሬድ የምናውቀው በአብዛኛው ከትውፊት፣ ከስንክሳርና ከገድል ነው። እነዚህም ከእርሱ ዘመን ብዙ ቆይተው የተጻፉ ናቸው። የዜማ ተመራማሪዎች ደግሞ የጥንት ብራናዎችን እያስተያዩ አጥንተዋል። ምልክት ያለባቸው የታወቁ ብራናዎች ከ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወዲህ የተጻፉ መሆናቸውን፣ በዜማው ላይም በየዘመኑ የነበሩ ሊቃውንት ብዙ እንደ ጨመሩበት ያስረዳሉ።

ይህ ትውፊቱን ዋጋ አያሳጣውም። ትውፊቱ ሕዝቡ ስለ ዜማው ምን እንደሚያምን ይነግረናል፤ ጥናቱ ደግሞ ዜማው እንዴት እንዳደገ ያሳየናል። ጎበዝ ተማሪ ሁለቱንም ያዳምጣል፤ የትኛው የት እንደሚያበቃም ለይቶ ያውቃል።

የጎረቤቶቻችን መዝሙር

ተመሳሳይ ነገር እዚሁ በምንኖርበት አገርም ሆኗል። ከ1983 እስከ 2005 እ.ኤ.አ. በቆየው የሱዳን የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ብዙ የደቡብ ሱዳን ሰዎች ወደ ኢትዮጵያ ተሰደው ነበር። በጋምቤላ በኢታንግና በሌሎችም የስደተኞች ጣቢያዎች ተጠልለው ኖረዋል። በ1991 እ.ኤ.አ. ያንንም ለቀው ለሁለተኛ ጊዜ ተሰደዱ። ከእነርሱም አንዳንዶቹ ኬንያ ካኩማ ደረሱ። በእነዚያ ዓመታት የዲንካ ክርስቲያኖች፣ በተለይም ወጣቶችና ሴቶች፣ በገዛ ቋንቋቸው እጅግ ብዙ መዝሙር ደረሱ። የሙዚቃ ጽሕፈት አላስፈለጋቸውም። ከአፍ ወደ አፍ እየተቀባበሉ፣ በሄዱበት ሁሉ ይዘውት ሄዱ።

ስለዚህ ዛሬ በጁባ ከጎረቤት ቤት የምትሰሙት መዝሙር ከስደት የተመለሰ ሊሆን ይችላል፤ ምናልባትም በአገራችን መሬት ላይ የተደረሰ ነው። እነርሱ በእኛ ዘንድ እንግዳ ነበሩ፤ ዛሬ እኛ በእነርሱ ዘንድ እንግዳ ሆነናል።

እኛስ ምን እናድርግ?

ስደት ቤትን፣ መሬትን፣ መጽሐፍንም ያሳጣል። በልብ ያለውን ግን በአንድ ቀን ሊወስደው አይችልም። በልብ ያለው ነገር የሚጠፋው አዋቂው ሳያስተምር፣ ልጁም ሳይጠይቅ ሲቀር ነው። ስለዚህ የሚከተለውን እንድታደርጉ እንመክራለን።

ተማሪዎች፦ እናታችሁን፣ አባታችሁን፣ ወይም በአካባቢያችሁ ያለ አንድ ሽማግሌ ወይም አንዲት ባልቴት ጠይቁ። ከልጅነታቸው የሚያውቁትን አንድ መዝሙር ወይም መንዙማ፣ ካልሆነም የሠርግ ወይም የእንጉርጉሮ ዜማ ያሰሟችሁ። ቃሉን በደብተራችሁ ጻፉ። ከግርጌውም ማን እንዳስተማራቸው፣ የት አገር እንደ ተማሩት፣ በምን ጊዜ እንደሚዜም አስፍሩ። ስልክ ካለ ድምፃቸውን ፈቃዳቸውን ጠይቃችሁ ቅረጹ። ሆኖም ስልክ ይሰበራል፣ ይጠፋል። ስለዚህ በቃላችሁም ያዙት።

ወላጆች፦ «ይህ ለልጆች ምን ያደርጋል?» አትበሉ። ልጆቻችሁ ከጁባ ልጆች ጋር አረብኛና እንግሊዝኛ መማራቸው መልካም ነው፤ ይማሩ። ማታ ማታ ግን አንድ ዜማ፣ አንድ ተረት ወይም አንድ የአገር ስም ስጧቸው። የቤተ ልሔም መምህራን ድጓን ያቆዩት በአንድ ጊዜ አይደለም። በየሌሊቱ ጥቂት ጥቂት እያስያዙ ነው።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. «አርያም» ማለት ምን ማለት ነው? መጀመሪያ የተሰማውስ የት ነው?
2. የያሬድን አምስት የዜማ መጻሕፍትና ሦስቱን የዜማ ዐይነቶች ጻፉ።
3. የአክሱም ጽዮን ቤተ ክርስቲያን በ1535 እ.ኤ.አ. ሲጠፋ ዜማው ያልጠፋው ለምንድን ነው? ሁለት ምክንያት ስጡ።
4. በቡድን ሆናችሁ አንድ የታወቀ መዝሙር ምረጡ። ለእያንዳንዱ ስንኝ አንዲት ፊደል ምልክት አድርጉ። መዝሙሩን ለማያውቅ ጓደኛችሁ አሳዩት። ማንበብ ቻለ? ለምን?
5. ከወላጆቻችሁ ጋር ተወያዩ፦ ከአገር ስንወጣ ምን ይዘን ወጣን? ከእርሱስ ውስጥ እስከ ዛሬ ያልጠፋው የትኛው ነው?

የጻፋችሁትን ለክፍል አስተማሪያችሁ ስጡ። ደህና ሁኑ፣ በርቱ።